ፈላጊው፣ መፈለጊያውና መመሪያው

«ዳብሊን» ብሎ ለሚፈልግ ሰው ቢያንስ ሦስት ዳብሊኖች አሉለት። አንደኛዋ የአየርላንድ ዋና ከተማ ናት። ሁለተኛዋ በአሜሪካ የኦሃዮ ግዛት የምትገኝ፣ የብዙ አገር ቤተ መጻሕፍትን ካታሎግ በአንድ ቋት የሚያገናኘው የኦሲኤልሲ መቀመጫ ናት። የኢንተርኔት ሰነድ እንዴት ይመዝገብ የሚል ስብሰባ እ.ኤ.አ. በ1995 የተካሄደው በእሷ ነው፤ «ዳብሊን ኮር» የሚባለው የመመዝገቢያ ሥርዓትም ስሙን የወሰደው ከዚያ ነው። ሦስተኛዋ በኦክላንድ የሚያልፈው የባርት ባቡር እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ መንገዱን የሚጨርስባት፣ በአላሜዳ ካውንቲ ያለችው የካሊፎርኒያዋ ዳብሊን ናት።

በዚህች በሦስተኛዋ ዳብሊን ቤቱ ተቀምጦ የከተማውን ስም የሚጽፍ ሰው አየርላንድን ፈልጎ ካልሆነ በቀር ብዙ አይቸገርም። መፈለጊያው ሰውየው ያለበትን ቦታ ገምቶ የሠፈሩን ነገር ያስቀድምለታል። ይህ ግምት በምን እንደተሠራ ግን የነገረው የለም። ሳጥኑ ባዶ ነው፤ ከጎኑ አንዲት የአጉሊ መነጽር ምልክት አለች፤ ሌላ ምንም የለም።

ይህ ባዶነት በአጋጣሚ የመጣ ሳይሆን አንድ እምነት የወለደው ነው። በደንብ የተሠራ መፈለጊያ መመሪያ አያሻውም፤ መመሪያ ካስፈለገው በደንብ አልተሠራም የሚል እምነት። የዚህ አስተሳሰብ ዋና ሰባኪ ያዕቆብ ኒልሰን ከዶናልድ ኖርማን ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ያቋቋመው ድርጅት ለብዙ ዓመት አድራሻው ፍሪሞንት ነበር፤ ከዳብሊን ወደ ደቡብ በመኪና ብዙ የማያስኬድ ከተማ። ሆኖም ኒልሰን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣቸው አሥር የዲዛይን መርሆች ውስጥ ነገሩን በጥንቃቄ ነበር ያስቀመጠው፤ ያለ ማብራሪያ መሥራት የሚሻል ቢሆንም ማብራሪያ ሊያስፈልግ ይችላል አለ። ይህንን መርህ ያስቀመጠው በአሥረኛው፣ በመጨረሻው ቦታ ላይ ነበር። ተከታዮቹ የመጀመሪያውን ግማሽ ወስደው ሁለተኛውን ረሱት።

ከመመሪያው ጋር አብሮ የተወለደ መፈለጊያ ማየት የሚፈልግ ሰው ከሲልከን ቫሊ ይልቅ ወደ ዓድዋ ቢሄድ ይሻለዋል። በዓድዋ አቅራቢያ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁት የብራና ወንጌሎች በካርቦን ሲመረመሩ የአንደኛው ዕድሜ እ.ኤ.አ. ከ390 እስከ 570፣ የሌላው ከ530 እስከ 660 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚወድቅ ታውቋል። ከዓለም ሥዕላዊ ወንጌሎች መካከል በዕድሜ የሚወዳደራቸው ጥቂት ነው። ጎብኚም ሆነ የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊ መጀመሪያ የሚያየው ቅስቶቹን፣ ዓምዶቹን፣ በቅስቱ ላይ የቆሙትን አዕዋፍ ነው። በዓምዶቹ መካከል ግን ቁጥሮች ተደርድረዋል። ገጹ ውበት ብቻ አይደለም፤ መፈለጊያ መሣሪያ ነው።

መሣሪያውን የሠራው በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኖረው የቂሳርያው ጳጳስ አውሳብዮስ ነው። ችግሩ ቀላልና አስጨናቂ ነበር። አንድ ታሪክ በአራት ወንጌሎች በአራት ቦታ ይገኛል፤ ማቴዎስን የሚያነብ ሰው ያው ነገር በሉቃስ የት እንዳለ በምን ይወቅ? ያን ጊዜ ምዕራፍና ቁጥር የሚባል የለም። ዛሬ የምናውቀው የሐዲስ ኪዳን የቁጥር አከፋፈል የመጣው እ.ኤ.አ. በ1551 ነው። አውሳብዮስ ከእሱ በፊት የእስክንድርያው አሞንዮስ የጀመረውን ይዞ ወንጌሎቹን በትንንሽ ክፍል ቆራረጣቸው፤ ማቴዎስን 355፣ ማርቆስን 233፣ ሉቃስን 342፣ ዮሐንስን 232 ቦታ። ከዚያ አሥር ሰንጠረዥ ሠራ። በመጀመሪያው አራቱም የሚስማሙበት፣ ቀጥሎ ሦስቱ፣ ቀጥሎ ሁለቱ፣ በአሥረኛው ለአንዱ ብቻ የሆነው ተጻፈ። የመጀመሪያው ሰንጠረዥ የመጀመሪያ መስመር ማቴዎስ ፰፣ ማርቆስ ፪፣ ሉቃስ ፯፣ ዮሐንስ ፲ ይላል። ማቴዎስ ላይ በምድረ በዳ የሚጮኸውን ሰው ድምፅ ያነበበ ሰው በዚህች አንዲት መስመር ሦስቱን ሌሎች ቦታዎች ያገኛቸዋል።

አውሳብዮስ ሰንጠረዡን ሠርቶ ዝም አላለም። ካርፒያኖስ ለሚባል ወዳጁ ደብዳቤ ጻፈ፤ ደብዳቤዋም ከሰንጠረዡ ጋር ተጣምራ በግሪክ፣ በላቲን፣ በሱርስትና በግእዝ ወንጌሎች መግቢያ ላይ ትገለበጥ ጀመር። በገሪማም ወንጌል ከሰንጠረዡ በፊት ያለችው እሷ ናት። ደብዳቤዋ አጭር ናት። ሥራው ከማን እንደተጀመረ ትናገራለች፤ ሰንጠረዦቹ አሥር መሆናቸውንና እያንዳንዳቸው ምን እንደያዙ ትዘረዝራለች፤ ከዚያ አጠቃቀሙን ታሳያለች። ከጽሑፉ ጎን ያለውን ቁጥር እይ፤ ከሥሩ በቀይ የተጻፈው ደግሞ የትኛው ሰንጠረዥ ውስጥ እንደምትፈልግ ይነግርሃል፤ እዚያ ሂድና ቁጥርህን ስታገኝ ከጎኑ የሌሎቹ ወንጌላውያን ቁጥር ተሰልፎ ይጠብቅሃል። በቃ። ቁጥር እንዴት እንደሚነበብ፣ ቅጠል እንዴት እንደሚገለጥ የምትለው ነገር የላትም። ለአንባቢው የምትሰጠው የመሣሪያውን አሠራር በአእምሮው የሚይዝበትን ሥዕል ነው።

ወንጌሉ ሲገለበጥ ሲገለበጥ በብዙ አገር የእጅ ጽሑፎች ላይ አንድ አሳዛኝ ነገር ደረሰ። ሰዓሊው ቅስቱን አሳመረ፣ ወፉን አስዋበ፣ ቁጥሩ ግን እየተዛባ ሄደ፤ የአንዱ ወደ ሌላው መስመር ወረደ፣ አንዳንዱም ተዘለለ። ደብዳቤዋ ግን በታማኝነት መገልበጧን ቀጠለች። ሥራውን ላቆመ መሣሪያ የተጻፈ መመሪያ ሆነች። ዛሬ ከድረ ገጾች ግርጌ «እገዛ» የሚለውን ነክቶ ከአምስት ዓመት በፊት ስለተለወጠ ገጽ ማብራሪያ ያነበበ ሰው ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም።

በአገራችን መመሪያውና መሣሪያው ፈጽሞ የማይነጣጠሉበትም ሥራ አለ። ባሕረ ሐሳብ በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን መፈለጊያ ነው፤ ወንበሩን፣ አበቅቴውን፣ መጥቅዑን ለማውጣት ግን ስሌቱን ከመምህር መማር ግድ ነው። መሣሪያው ትምህርቱ ራሱ ነው። ዛሬ ስልክ ላይ ያለ ፕሮግራም የፋሲካን ቀን በአንድ ንክኪ ያወጣዋል፤ ያም መልካም ነው። የተጠቀመበት ሰው ግን ሺህ ጊዜ ቢነካው አበቅቴ ምን እንደሆነ አያውቅም።

የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት ወደ ነገሩ ይበልጥ ያስጠጋል። ሥራው ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ የተረከቡት ሲሆን፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ አስጨርሰው በ1948 ዓ.ም. አሳትመውታል። ርእሱ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ»። ሰዋስው ይቀድማል፤ መዝገበ ቃላት ይከተላል። መፈለጊያው ከመከፈቱ በፊት ሙሉ የሰዋስው ትምህርት በር ላይ ቆሟል።

በሀ ለ ሐ መ ያደገ አንባቢ መጽሐፉን ሲከፍት ሌላ ነገር ይገጥመዋል። ቃላቱ የተደረደሩት በአ በ ገ ደ ነው፤ አለቃ የቀደመው የፊደል ተራ ይህ ነው ብለው ያምናሉና። ተራውን ከለመደ በኋላ ደግሞ ሥሩን ማወቅ አለበት። «ትምህርት»ን በተ ሥር የሚፈልግ ሰው ደክሞ ይመለሳል፤ መሀረ ብሎ መሄድ አለበት። መሀረም ሲል የትኛውን? በሃሌታው «ሀ» ሲጻፍ አስተማረ ነው፤ በሐመሩ «ሐ» ሲሆን ራራ፣ ይቅር አለ ነው። ትምህርትና ምሕረት በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ አንድ «ሀ» ይዘዋል፤ በመዝገቡ ግን ቤታቸው ለየብቻ ነው።

እንግዲህ ይህ መጽሐፍ በደንብ አልተሠራም ይባላል? ቅኔ ቤት ለዋለ ተማሪ እጅግ በደንብ ተሠርቷል፤ ምንም ሳይነገረው ገብቶ የሚፈልገውን ያነሣል። ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ለመጣው ግን ግንብ ነው። መጽሐፉ ያው አንድ መጽሐፍ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ያለው ሰዎቹ አስቀድመው ይዘውት በመጡት ነገር ላይ ነው። «መመሪያ የማያስፈልገው መሣሪያ» የሚባለው ብዙ ጊዜ መመሪያውን ሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰው ወጪ የተማሩት ሰዎች መሣሪያ ነው።

የካሊፎርኒያው ታሪክም በወጪ ይጀምራል። በፓሎ አልቶ የሎክሂድ ኩባንያ የምርምር ክፍል ውስጥ ሮጀር ሰሚት የመራው ዳያሎግ የተባለ የፍለጋ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበያ ቀረበ። ሰው ከሩቅ በስልክ መስመር ገብቶ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የጥናት ጽሑፎችን መዝገብ መፈለግ ይችል ነበር፤ ሒሳቡ ግን በቆየበት ጊዜ ልክ ይቆጠራል። ትእዛዙን የማያውቅ ሰው በተደናበረ ቁጥር ገንዘብ ይፈሳል። ስለዚህ ተመራማሪው ራሱ አይፈልግም፤ ሥልጠና የወሰደ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አጠገብ ተቀምጦ ጥያቄውን ይነግረዋል፣ ባለሙያው ይፈልግለታል። መመሪያው ሰው ሆኖ በመካከል ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። በአዲስ አበባም በወመዘክርም ሆነ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ካርድ ያገላበጠ አንባቢ ይህንን አቀማመጥ ያውቀዋል። ካርዱ ላይ ያጣውን ነገር «እሱ እኮ በሌላ ስም ነው ያለው» ብሎ የሚያወጣ ሠራተኛ ከየትኛውም ካታሎግ ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. በ1981 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሜልቪል የተባለውን የኮምፒውተር ካታሎግ ለሙከራ ከፈተ፤ በዩኒቨርሲቲው ሥር ያሉትን ቤተ መጻሕፍት ሁሉ በአንድ ላይ የሚያስፈልግ መሣሪያ። አሁን ፈላጊው ከስክሪኑ ጋር ብቻውን ቀረ። ሠሪዎቹ ሁለት በር አበጁለት። ለጀማሪ አንድ በአንድ እየጠየቀ የሚመራ፣ ለለመደ ደግሞ ትእዛዝ የሚቀበል። በሁለተኛው በር የገባ ሰው «ፈልግ» ብሎ፣ የደራሲ ከሆነ የደራሲ፣ የርእስ ከሆነ የርእስ ምልክት ጨምሮ ይጽፋል። ሲጠፋበት «አብራራ» የሚል ትእዛዝ ይሰጣል፤ ማሽኑም ያብራራል።

ሰዎች ምን አደረጉ? የበርክሌዩ ሬይ ላርሰን የስድስት ዓመት የአጠቃቀም መዝገብ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ጥናት መልሱን ይሰጣል። በርእሰ ጉዳይ መፈለግ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ሄደ፤ ከአርእስት ውስጥ ቃል ለቅሞ መፈለግ ጨመረ። በርእሰ ጉዳይ ለመፈለግ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የወሰናቸውን ኦፊሴላዊ ስያሜዎች ማወቅ ያስፈልጋል። ሰዎቹ ስያሜውን ከመማር መንገዱን መተው መረጡ። መመሪያ አለማንበብ ስንፍና ነው የሚል ካለ፣ ይህ ሁሉ የዩኒቨርሲቲ ሰው ሰነፍ ነበር ሊል ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ ክሪስቲን ቦርግማን በስታንፎርድ ያደረገችውና እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመው ሙከራ ግን ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። ተማሪዎችን ለሁለት ከፍላ አንዱን ቡድን በትእዛዝ ቅደም ተከተል፣ ሌላውን ካታሎጉ በውስጡ እንዴት እንደተደራጀ በማስረዳት አሠለጠነች። ቀላል ፍለጋ ላይ ልዩነት አልታየም። ፍለጋው ሲወሳሰብ ግን አሠራሩ የተነገራቸው በለጡ። ሳታስበው ይሁን አይሁን፣ የሞከረችው አውሳብዮስ ለካርፒያኖስ የሠራውን ነው። በዚያው ዓመት «የኮምፒውተር ካታሎጎች ለምን አስቸጋሪ ሆኑ?» የሚል ጽሑፍ አወጣች፤ ከአሥር ዓመት በኋላ በ1996 «አሁንም ለምን አስቸጋሪ ሆኑ?» ብላ ደገመችው። የርእሶቹ ልዩነት አንዲት ቃል ብቻ ናት።

ሁለተኛው ጽሑፍ በወጣበት ሰሞን መልሱ ከሌላ ሠፈር እየመጣ ነበር። በታኅሣሥ 1995 እ.ኤ.አ. ከፓሎ አልቶ የወጣው አልታቪስታ የድረ ገጹን ዓለም በሙሉ ቃል እንዲፈለግ አደረገ፤ በቅርብ ርቀት ያሉ ቃላትን የሚያጣምርበት፣ የማይፈለገውን የሚያወጣበት ትእዛዝም ነበረው፤ የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 በሜንሎ ፓርክ ጋራዥ የጀመረው ጉግል ደግሞ ያንን ሁሉ ከዓይን አነሣው። ከኩባንያው ቀደምት ሠራተኞች አንዷ ማሪሳ ማየር ደጋግማ የተናገረችው ታሪክ አለ። ለሙከራ የመጡ ሰዎች ገጹን ከፍተው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ምን እየጠበቁ እንደሆነ ሲጠየቁ «ቀሪው እስኪመጣ» አሉ። ባዶ ገጽ ማየት አልለመዱምና። ገጹ እዚህ ጋ አለቀ ለማለት ከግርጌ የቅጂ መብት መስመር ትልቅ ተደርጎ ተጻፈ። መመሪያ የማያስፈልገው ሳጥን የመጀመሪያ መመሪያው ይህ ነበር፤ «ከዚህ ወዲያ የለም»።

ለእንግሊዝኛ ፈላጊ ባዶው ሳጥን በእርግጥም ሠርቷል። ቃሉን ቢያበላሽ ያቃናለታል፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል ቢቀላቅል ግድ የለውም፤ ነጠላውን ቢጽፍ ብዙውንም ያመጣለታል። ይህ ሁሉ የቀረ መመሪያ ነው። «በትክክል ጻፍ፣ ሁሉንም መልክ ሞክር» ይል የነበረውን ትምህርት ማሽኑ ተምሮ ከሰውየው ትከሻ ላይ አወረደለት። ጥሩ ዲዛይን የሚባለው በተግባር ይህ ነው፤ ደግሞም ትልቅ ሥራ ነው።

ይኸው ሳጥን ውስጥ በፊደል የሚጽፍ ሰው ሲመጣ ግን ሸክሙ ወደ ትከሻው ይመለሳል። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ድምፅ በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊጻፍ ይችላል፤ ስድስት። «ሥ» ወይም «ስ»፤ ሁለት። «ሴ» ወይም «ሤ»፤ ሁለት። ሲባዙ ሃያ አራት ይሆናሉ። ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው ወይም ተለያይተው ሲጻፉ አርባ ስምንት። በእዝባር ያጠረውን «ኃ/ሥላሴ»ን፣ በድሮ መጽሐፍ በቃላት መካከል የሚገባውን ሁለት ነጥብ ሳንቆጥር ማለት ነው። ፊደሉን እንደ ቁጥር ብቻ ለሚያይ ማሽን እነዚህ አርባ ስምንት ሰዎች ናቸው።

ከዚህ በፊትማ የባሰ ነበር። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደሉ የራሱን ኮድ ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል፤ እንኳን መፈለግ ማንበብም አይቻልም። ጆ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1988 በፓሎ አልቶ የዜሮክስ ማዕከል ረቂቁን የጻፈለት ዩኒኮድ የግእዝን ፊደል በሦስተኛው እትሙ በ1999 ካካተተ በኋላ ነው አንድ «ሀ» በየትም ኮምፒውተር አንድ «ሀ» የሆነው። ዩኒኮድ ሀን ከሐ፣ ሰን ከሠ አላዋሐደም፤ ትክክልም አደረገ። በትግርኛ ሀና ሐ፣ አና ዐ የተለያየ ድምፅ ናቸው። በግእዝ ሠረቀ ወጣ፣ ብርሃን ሰጠ ማለት ሲሆን ሰረቀ ሌባው የሚያደርገው ነው። አመት ገረድ ስትሆን ዓመት አሥራ ሦስት ወር ነው። ፊደሉን የሚያከማች ሥርዓት ልዩነቱን መጠበቅ አለበት። ልዩነቱን ሲያስፈልግ የሚያልፍ፣ ሲያስፈልግ የሚያከብር መሆን ያለበት መፈለጊያው ነው፤ ለዚህም አማርኛ የሚፈልገውን ከትግርኛና ከግእዝ ፈላጊ መለየት ይኖርበታል።

ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። ድምፃቸው አንድ የሆነውን ፊደላት ለአማርኛ ፍለጋ ወደ አንድ መመለስ የጥቂት መስመር ፕሮግራም ነው። ከባዱ ቃሉ ራሱ ነው። ፈለገ ከሚል አንድ ግስ ፈላጊ፣ ፍለጋ፣ መፈለጊያ፣ አስፈለገ፣ ስላልተፈለገችም ይወጣል፤ «ፍለጋ» ብሎ የጻፈ ሰው የመጨረሻውን በፊደል ንጽጽር አያገኘውም። ነጋ ዓለማየሁ ከፒተር ዊሌት ጋር በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ሆነው እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 ባሳተሟቸው ጥናቶች የአማርኛን ቃል ወደ ግንዱ ወይም ወደ ሥሩ መልሶ መፈለግ እንዴት እንደሚሠራና ውጤቱን እንደሚያሻሽል አሳይተዋል። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የማይክል ጋሰር ሆርንሞርፎ የተባለ ፕሮግራምም የአማርኛን፣ የትግርኛንና የኦሮምኛን ቃል በታትኖ ሥሩን ያወጣል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ከአንባቢያቸው የጠየቁትን «ሥሩን አውቀህ ና» የሚል ግዴታ ማሽኑ መሸከም ይችላል ማለት ነው። ዕውቀቱ ካለ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ባለ ብዙ ገጽ ጋዜጣና ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ አበጅቶ አማርኛውን ፊደል በፊደል ብቻ የሚያነጻጽር ሳጥን የሚያስቀምጥ ድርጅት መመሪያ አያስፈልገንም ቢል ማንም አይመነው። መመሪያውን ሳይጽፍ ሸክሙን ለተጠቃሚ ማስተላለፉ ነው።

በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ያለው አማርኛ ደግሞ ሌላ ጭምብል አለው። ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በናይሮቢ ባለው ቢሮው አማካይነት የኢትዮጵያን መጻሕፍት ሲሰበስብ ኖሯል። ሆኖም የድሮው የካታሎግ ኮምፒውተር ሥርዓት ዓረብኛን፣ ዕብራይስጥን፣ ቻይንኛን ሲቀበል የግእዝ ፊደልን አይቀበልም ነበር። ስለዚህ አርእስቱ ሁሉ በላቲን ፊደል ተጻፈ፤ ግእዙን «አ» ብለው፣ ራብዑን ባለ ሰረዝ «አ» ብለው፣ ሳድሱን «ኤ» በሚመስል ምልክት። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዚህ ሕግ ሲጻፍ፣ የማያውቅ ሰው በእንግሊዝኛ አነባበብ ቢያነበው «ፌቄር ኤስካ ማቃቤር» ይላል። ሥርዓቱ ለሚያውቀው ሰው ፍጹም ወጥ ነው፤ እያንዳንዱ ምልክት ወደ አንድ ፊደል ይመልሳል። ሆኖም በኢሜልና በስልክ መልእክት አማርኛን በላቲን የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ እንዲህ ጽፎ አያውቅም፤ ወደፊትም አይጽፍም።

ስሙም አለ። በቤተ መጻሕፍት ሕግ ኢትዮጵያዊ ደራሲ የሚገባው በራሱ ስም ነው፤ ሐዲስ ብሎ መፈለግ ነው። የጥናት መጽሔቶች ቋት ውስጥ ግን የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተወስዶ ያው ሰው በዓለማየሁ ሥር ሊገኝ ይችላል። ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ ሳጥኑ አይናገርም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። «የኢትዮጵያ ደራሲዎችን በራሳቸው ስም ፈልግ። አርእስቱ በዚህ ዓይነት የላቲን አጻጻፍ ተመዝግቧል፤ ምሳሌውን እይ።» እነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በአንዳንድ ቤተ መጻሕፍት የአፍሪካ ክፍል ገጽ ላይ አሉ፤ ከሳጥኑ ርቀው፣ ፈላጊው ተስፋ ከቆረጠ በኋላ እንኳ በማይደርስበት ቦታ። አውሳብዮስ ደብዳቤውን ከሰንጠረዡ በፊት እንጂ ሌላ ብራና ላይ አላስቀመጠም።

ይህ ክፍተት በኦክላንድ፣ በሳን ሆዜና በዳብሊን ባሉ ቤቶች በሰው ይሞላል። እናት ቃሉ በንጉሡ «ሠ» መጻፉን ታውቃለች፤ የአማርኛውን ቁልፍ ሰሌዳ ግን ስልኳ ላይ አታገኘውም። ልጅ ቁልፍ ሰሌዳውን በሁለት ሰከንድ ያወጣዋል፤ ስንት «ሰ» እንዳለ ግን አያውቅም። ሁለቱ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ እየነገረ ሌላው እየጻፈ የድሮ መዝሙር፣ የጠፋ ዘመድ ስም፣ አባት በአገር ቤት ያነቡት የነበረውን መጽሐፍ ይፈልጋሉ። ዳያሎግ ላይ በክፍያ ይቀመጥ የነበረው ባለሙያ በነጻ ተመልሶ ቤት ገብቷል። ወይ እናት ወይ ልጅ የሌለበት ቤት ግን መመሪያውም የለበትም።

በሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሜልቪልን ከአርባ ዓመት በኋላ ዘጋና ዘመናዊ ባለ አንድ ሳጥን መፈለጊያ ተካ። «አብራራ» የሚባል ትእዛዝ አሁን የለም፤ የሚናፍቀውም ብዙ ሰው የለም። ከዚያ ዘመን ሊናፈቅ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ዳያሎግ ላይ «ዘርጋ» የምትል ትእዛዝ ነበረች። አንድ ቃል ሲሰጣት፣ ቃሉ ቢኖርም ባይኖርም፣ በፊደል ተራ ከበላዩና ከበታቹ ያሉትን ጎረቤቶቹን ከነብዛታቸው ደርድራ ታሳያለች። የካርድ መሳቢያም ይህንኑ ያደርግ ነበር፤ የሚፈለገውን ያጣ ጣት ቀጥሎ ያለውን ካርድ መንካቱ አይቀርም። የዛሬው ሳጥን «ምንም አልተገኘም» ይላል። መጽሐፉ የለም ማለቱ ይሁን፣ በሌላኛው «ሐ» ተጽፎ ከአንድ ካርድ ወዲያ ተቀምጧል ማለቱ፣ ፈላጊው ከስክሪኑ ሊለይ አይችልም።